በሹራብ ተጠቅልላ የመጣችው ሎኮሞቲቭ

ድሬ የገባሁ ቀን ሻንጣዬን የከፈተችው እናቴ ናት። ጫማውን አወጣች፣ ሽቶውን አወጣች፣ የደም ግፊት መለኪያውን አወጣች። ከሥር በሁለት ሹራብ የተጠቀለለ ካርቶን አገኘችና ለአባቴ አቀበለችው። አባባ ክዳኑን ገለጥ አድርጎ አየ። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «አቦ! ቦጊዋ ሳይቀር አለ እኮ!» አለ፤ ጎማዎቹን የሚሸከመውን ክፍል ማለቱ ነው።

አባቴ ጉልበቱን የጨረሰው ምድር ባቡር ጥገና ክፍል ውስጥ ነው። ፈረንሳይኛውንም የለመደው እዚያው፣ ከዕቃው ስም ጋር ነው። እኔ ጀርመን ከገባሁ 11 ዓመት ሆነኝ። ሌሊት ሌሊት መጋዘን እሠራለሁ። ስንደዋወል ወሬያችን ሁልጊዜ አንድ ነበር። «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ፤ አንተስ?» «ይመስገን።» ከዚያ ስልኩ ወደ እናቴ ያልፋል።

ሎኮሞቲቯን ያገኘኋት እሁድ በሚቆም የአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው። በኮረንቲ የምትሄድ የዲዝል ሎኮሞቲቭ ሞዴል ናት፤ ከእውነተኛዋ 87 ጊዜ ታንሳለች። ሻጩ አትሠራም ብሎ በርካሽ ሰጠኝ። ሁለት ክረምት መደርደሪያዬ ላይ ተቀመጠች። በመጨረሻ አባባ ይያት ብዬ ከጥቂት ሀዲድና ከአንድ ትራንስፎርመር ጋር ይዣት መጣሁ።

ሙቀቱ በረድ ሲል ከዚራ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ሀዲዱን ዘረጋን። አባባ ከሁሉ በፊት ማስመሪያ አመጣ። በሁለቱ ሀዲዶች መካከል ለካ፤ 16 ሚሊሜትር ተኩል። በ87 አባዛው። «1 ሜትር ከ43 ሴንቲ ተኩል። ይሄ የኛ አይደለም፤ የአዲሱ ባቡር ነው።»

ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ መጥቶ ድሬን ከተማ ያደረጋት ሀዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪኩ ደግሞ 1,435 ሚሊሜትር ነው። የኛው በዚህ ልክ ቢሠራ 11 ሚሊሜትር ተኩል ይሆናል፤ ባለ አንድ ሜትሩን ሀዲድ የሚሠሩ የሞዴል ፋብሪካዎች 12 አድርገው ይሸጡታል። ይሄን ስነግረው ፊቱ በራ። «እንግዲያው የኛም ልክ ይሸጣል!»

የትራንስፎርመሩን ቁልፍ አዞርኩ። ምንም የለም። እጄን ወደ ሎኮሞቲቯ ስሰድ ያዘኝ። «ማሽኗን ተዋት። ኮረንቲው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ንገረኝ።»

ነገርኩት። ከአንዱ ሀዲድ በዚያው ወገን ባሉት የብረት ጎማዎች ይገባል። ከጎማዎቹ ጋር የምትነካካ ቀጭን የብረት ምላስ ተቀብላ ለሞተሩ ታደርሳለች። ከሞተሩ ወጥቶ በሌላው ወገን ጎማና ሀዲድ ይመለሳል። ሁለቱ ወገኖች እንዳይገናኙ መሀላቸው በፕላስቲክ ተለይቷል። «ጥሩ» አለ፤ «እንግዲያው በዚያው መንገድ እንሄዳለን።»

አሮጌ ሎኮሞቲቭ የሚገዛ ሰው ይቺን ጥያቄ ሳይጠይቅ ገንዘብ ባያወጣ ደስ ይለኛል። ለምሳሌ ሜርክሊን የሚባለው የጀርመን የሞዴል ባቡር ፋብሪካ የተለመዱት ሎኮሞቲቮች አንዱን ወገን የሚወስዱት በሀዲዱ መሀል ከተደረደሩ ትናንሽ ነጥቦች ነው፤ ከሥራቸው የሚንሸራተት ብረት አላቸው። እንዲህ ዓይነቷ እንደኛ ባለ ሀዲድ ላይ ብትቀመጥ ጤነኛም ብትሆን አትንቀሳቀስም።

አባባ የኮረንቲ መለኪያውን፣ መልቲሜትሩን፣ ሀዲዱ ላይ አሳረፈ። 12 ቮልት። ሀዲዱ ደህና ነው። ወደ ጎማዎቹ ልናልፍ ስንል መብራት ጠፋ። እኔ ለነገ ይደር አልኩ። እሱ ግን መልቲሜትሩን ገልብጦ ክዳኑን ፈታና ከውስጡ ባለ 9 ቮልቱን ባትሪ አወጣ። ለእንዲህ ዓይነቷ ሎኮሞቲቭ ጥሩ መሞከሪያ ነው። ሁለት ሽቦ ይዞ የግራና የቀኝ ጎማዎቿን ማስነካት ነው። አስነካን። ዝም።

በስልኬ መብራት ጎማዎቹን አየናቸው። ዘይትና አቧራ ተጋግሮ ጥቁር ቅርፊት ሠርቷል። ከፋርማሲ ያመጣሁት አልኮል ነበር፤ በጆሮ ጥጥ አንድ በአንድ ጠረግናቸው። አባባ የብርጭቆ ወረቀት ሊያመጣ ሲነሳ ለመንኩት። ብረቱ ከተጫረ ጭረቱ ውስጥ ቆሻሻ ቶሎ ይይዛል። እሺ አለኝ። ጥጡ ነጭ ሆኖ መውጣት ሲጀምር እንደገና አስነካን። የፊት መብራቷ ቦግ አለ። እናቴ ከበሩ ላይ «በራች! በራች!» አለች።

ሞተሩ ግን አልዞረም። ቢሆንም መብራቷ ብዙ ነገረችን። ኮረንቲው ውስጥ ድረስ ገብቷል ማለት ነው።

በማግስቱ ጠዋት አካሏን ከፈትን። አባባ ከተበላሸ ራዲዮ ስፒከር ያወጣውን ማግኔት ከሰሃን ሥር አስቀመጠና ብሎኖቹን ሰሃኑ ላይ ደረደራቸው። ያንን ሁሉ ዘመን ትልቅ መፍቻ ሲይዝ የኖረ እጅ የእናቴን ወረንጦ ይዞ አንድም ብሎን አልጣለም። ባትሪውን በቀጥታ ሞተሩ ላይ አስነካን። እምምም ብሎ ቆመ። አባባ ሽቦውን ወዲያው አነሳው፤ ተይዞ የቆመ ሞተር ኮረንቲ ሲቆይበት ይቃጠላል። በጣቱ ሊያዞረው ሞከረ፤ ጠንክሯል። የሞተሩን ዙር ወደ ጎማዎቹ የሚያደርሱትን ባለ ጥርስ ማርሾች ሽፋን ሲያነሳ ቅባቱ ደርቆ ሙጫ ሆኗል።

ግማሽ ቀን እሱን ስንፍቅ ዋልን፤ በጥርስ ብሩሽ፣ በአልኮል፣ በስንጥር። ከዚያ «ሻርቦኑን አሳየኝ» አለ። እኛ ካርቦን የምንለውን፣ ኮረንቲውን ለሚዞረው የሞተሩ ክፍል የሚያቀብለውን ማለቱ ነው። ሁለት፣ እያንዳንዳቸው ከምስር ፍሬ የማይበልጡ። አላለቁም። እነሱ የሚያርፉበት ኮሌክተር፣ ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከመዳብ ቁርጥራጮች የተሠራ ክፍል፣ ግን ጠቁሯል፤ በመዳቦቹ መካከል ያለው ክፍተትም በካርቦን ዱቄት ተሞልቷል። ዱቄቱ ኮረንቲውን ከአንዱ መዳብ ወደ ሌላው ያሾልከዋል። አባባ ስንጥሩን በምላጭ አሹሎ ክፍተቶቹን አንድ በአንድ ጠረጋቸው። «የትልቋም እንዲሁ ነው» አለና ሁለት እጁን ዘርግቶ የዚያችን ኮሌክተር ውፍረት አሳየኝ። ስለ ሥራው እንዲህ ቁጭ ብሎ ሲያጫውተኝ የመጀመሪያው ነበር። ልጅ ሆኜ ሲገባ እጁን ይታጠብና ይተኛ ነበር።

ለፕላስቲክ የሚስማማውን ዘይት በመርፌ ጫፍ አንዳንድ ጠብታ አደረግንላትና ገጠምናት። መብራትም መጥቶ ነበር። ቁልፉን ቀስ ብዬ አዞርኩ። ሄደች። ሽቦዎቹን አቀያየርኩ፤ ተመልሳ መጣች። አባባ ተንበርክኮ ጆሮውን ወደ ሀዲዱ አስጠጋ።

«ቆይ። ትሰማለህ?»

ጠ... ጠ... ጠ። ጎማው አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር አንዴ። ጎማዎቹን አውጥተን አየን። አንዱ አክስል ላይ ያለው የፕላስቲክ ማርሽ ተሰንጥቋል። የተሰነጠቀበት ቦታ ስለሰፋ ማርሹ እዚያ ሲደርስ ይዘላል። አባባ ሙጫ አለ። ያ ፕላስቲክ በጣም ለስላሳ ስለሆነ ሙጫ እንደማይዘው ነገርኩት። ተከራከርን። በሱፐር ግሉ ሞከረው። በሦስተኛው ዙር ተላቀቀ።

ከዚያ መነጽሩን አደረገና ጥርሶቹን በመርፌ ጫፍ ቆጠራቸው። ሦስት ጊዜ ቆጠረ። ቁጥሩንና የአክስሉን ውፍረት በፋርማሲው ከረጢት ላይ ጽፎ ፓስፖርቴ ውስጥ ከተተልኝ።

ሎኮሞቲቯን እዚያው ትቻት መጣሁ። መለዋወጫውን አግኝቻለሁ፤ አራት በአንድ ማሸጊያ ነው የሚሸጠው። ወደ ድሬ የሚሄድ ሰው እያፈላለግኩ ነው። ትናንት አባባ ራሱ ደወለ። ደህና ነህ ሳይለኝ «ጥርሱን ቆጠርከው?» አለኝ።

ቆጥሬዋለሁ። ልክ ነው።