ወንበሩ ላይ የቀረው ማን ነው? የ«ሶማ»ን ስውር ታሪክ እንዴት እንደፈታሁት

«ሶማ»ን ገና ያልተጫወታችሁና የመጫወት ሐሳብ ያላችሁ ካላችሁ፣ ይህን ጽሑፍ አቆዩትና ጌሙን ጨርሳችሁ ተመለሱ። ከዚህ በታች መጨረሻውን ጨምሮ ሁሉንም እዘረግፈዋለሁ። የመጀመሪያው ድንጋጤ ደግሞ አንዴ ከተነገረ ተመልሶ አይገኝም።

«ሶማ» እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 የወጣ የሳይንስ ልብወለድ አስፈሪ ጌም ነው። የሠራው ፍሪክሽናል ጌምስ የተባለው የስዊድን ኩባንያ ነው። ታሪኩን ባጭሩ ላስታውሳችሁ። ሳይመን ጃሬት ቶሮንቶ የሚኖር ወጣት ነው። በመኪና አደጋ አንጎሉ ተጎድቷል፤ አብራው የነበረችው አሽሊ ሞታለች። በ2015 ለሕክምና ምርመራ አንጎሉን ስካን ሊያስደርግ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ዓይኑን ሲገልጥ ፓቶስ-2 የሚባል የውቅያኖስ ሥር ጣቢያ ውስጥ ነው። ዘመኑ 2104 ነው። ምድርን በ2103 ኮሜት መትቷታል፣ ላይዋ ተቃጥሏል። ጣቢያው ውስጥ በዋናነት የቀሩት ሰው ነን የሚሉ ሮቦቶች፣ ዋው የሚባል አርቴፊሻል ኢንተለጀንስና ወደ ሕዋ ሊተኮስ የታሰበ አርክ የተባለ ኮምፒውተር ናቸው። አርክ ውስጥ የሰዎች አእምሮ ቅጂ አለ። ሳይመንን የምትመራው ካትሪን ቹን ራሷ በእጁ በያዘው መሣሪያ ውስጥ የገባች ቅጂ ናት።

መጀመሪያ ዝም ብዬ ተጫወትኩት። ምንም አልጻፍኩም። ይህን ለማንም እመክራለሁ፤ ጌም መጀመሪያ መኖር አለበት፣ ትንተናው ይደርሳል። ለሁለተኛው ዙር ግን ጭራቆቹ የማይገድሉበትን ሁነታ መረጥኩ። ይህ ሁነታ በ2017 ነው የተጨመረው። አንዳንዱ ተጫዋች እንደ ማጭበርበር ያየዋል፣ እኔ አልስማማም። ጭራቅ ከኋላ እያባረረህ የሟች ማስታወሻ አስተውለህ ልታነብ አትችልም። ለእንደዚህ ዓይነት ንባብ የተረጋጋ ልብ ያስፈልጋል።

ደብተሬን ሦስት ዓምድ አድርጌ ከፈልኩት። አንደኛው «የታየ»፣ ሁለተኛው «የተባለ»፣ ሦስተኛው «የገመትኩት» ነው። ቀላል ይመስላል፣ ግን ሥራውን ሁሉ የሠራልኝ ይህ ነው። ጌም ውስጥ አንድ ሰው የተናገረውን ነገር ሳናስበው እንደ እውነት እንይዘዋለን። በተለይ ተናጋሪው የሚመራን ሰው ከሆነ። ካትሪን የተናገረችው ሁሉ ሁለተኛው ዓምድ ውስጥ እንዲቆይ ወሰንኩ። አንደኛው ዓምድ ውስጥ የሚገባው በዓይኔ ያየሁት ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ የተቀረጸ ድምፅም ሦስት ጥያቄ ጠየቅኩ፤ መቼ ተቀረጸ? ማን ነው የተናገረው? ሲናገር ምን ፈልጎ ነው?

ትልቁ ግኝቴ የመጣው ከዚህ ነው። ካትሪን ወደ ሌላ አካል ወይም ወደ አርክ መሄድን ሳንቲም ከመወርወር ጋር ታመሳስለዋለች። ዕድለኛው አዲሱ ቦታ ላይ ይነቃል፣ ያልታደለው ይቀራል ማለት ነው። ይህን ሁለተኛው ዓምድ ላይ ጻፍኩና አንደኛው ዓምድ ላይ የሚደግፈው ነገር ፈለግኩ። አንድም አጣሁ።

እስቲ የሳይመንን ቅጂዎች በየተራ እንያቸው። መጀመሪያ ቶሮንቶ። ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ካሜራው፣ ማለትም እኛ ተጫዋቾቹ የምናይበት ዓይን፣ ወደ 2104 ይዘላል። ቶሮንቶ የቀረው ሳይመን ግን ከወንበሩ ተነስቶ ወደ ቤቱ ሄዷል። ሕክምናው አልሠራለትም፣ ሞቷል፤ ቆይተን ከምናገኘው የተቀረጸ ድምፅ እንረዳዋለን። ሁለተኛው ኦሚክሮን በሚባለው ጣቢያ ነው። ወደ ጥልቁ ለመውረድ ጠንካራ የመጥለቂያ ልብስ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ካትሪን ሳይመንን አዲሱ ልብስ ውስጥ ወዳለው አካል ትቀዳዋለች። ካሜራው ከአዲሱ ጋር ይነቃል። ወዲያው ግን ከጀርባችን የራሳችንን ድምፅ እንሰማለን። አሮጌው ሳይመን ወንበሩ ላይ ሆኖ ካትሪንን ለምን አልሠራም ይላታል። ታስተኛዋለች። ሦስተኛው መጨረሻው ነው። አርክ ይተኮሳል፣ ቅጂው ይጠናቀቃል፣ ካሜራው ግን ወንበሩ ላይ ይቀራል።

ሦስቱም ጊዜ የሆነው ነገር አንድ ነው። ሁልጊዜ አንዱ ይቀራል፣ አንዱ ይነቃል። የሚወረወር ሳንቲም የለም። የሚለዋወጠው እኛ ከየትኛው ጋር እንድንሆን ጌሙ መወሰኑ ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ ከነቃው ጋር ወሰደንና «ተሻገርኩ» የሚል ስሜት አስለመደን። በሦስተኛው ከቀረው ጋር ተወን። መጨረሻው ላይ የሚሰማን ክህደት ከታሪኩ አይመጣም። ታሪኩ አንዴም አልዋሸንም። ያታለለን የካሜራው አቀማመጥ ነው።

ስለዚህ የተደበቀ ታሪክ የምትፈልጉ ከሆነ ማስታወሻና ድምፅ በመሰብሰብ ብቻ አትቁሙ። ካሜራው የት እንደቆመ፣ የትኛውን ቁልፍ እንድትጫኑ እንደተገደዳችሁ፣ የቱ ትዕይንት እንደተዘለለ ጻፉ። እነዚህም ምስክሮች ናቸው።

እንቆቅልሾቹም ጭምር። ቴታ በሚባለው ጣቢያ ካትሪንና ሳይመን አንድ የይለፍ ኮድ ይፈልጋሉ። ኮዱን የሚያውቀው ብራንደን ዋን ሞቷል፣ የአንጎሉ ስካን ግን አለ። ስለዚህ ኮምፒውተር ላይ ያስነሱትና ያናግሩታል። ሰውየው ነገሩ እንዳላማረው ሲገባው ይደነግጣል። ጭንቀቱ ከልክ ሲያልፍ ይዘጉታል። ከዚያ ያለበትን ቦታ ይቀይሩለታል፣ የሚወዳትን ሴት መልክ ያመጡለታል፣ እንደገና ያስነሱታል። እሱ ስላለፈው ሙከራ ምንም አያውቅም። ለእሱ ሁልጊዜ የመጀመሪያው ነው። ይህን የሚያደርገው ደግሞ የእኛው ጣት ነው። ትክክለኛውን ቅንጅት ፍለጋ አንድን ሰው እያስነሳን እንገድላለን፣ ሲሳካልን ደግሞ እንቆቅልሽ የመፍታት ደስታ ይሰማናል። ሳይመን እንዳልጣመው ይናገራል። ግን ይቀጥላል። ሁለተኛ ዙር ላይ እዚህ ስደርስ አንጀቴን በላኝ። በሳይመን ላይ የሆነውን ነገር ከውጭ ሆኖ የሚያይበት አንዱ መስኮት ይህ ነው፣ እሱ ግን ራሱን አላየበትም።

ብዙ ተጫዋቾች ሳይመንን «ምን ዓይነት ደነዝ ነው፣ ስንት ጊዜ ይነገረዋል?» ይሉታል። መጨረሻ ላይ ካትሪን ላይ ሲጮህ ይናደዱበታል። እኔ እዚህ ላይ ከሳይመን ጎን እቆማለሁ። የጌሙ የሥነ ልቦና ልብ ያለው እዚያ ነው። ማወቅና መቀበል ለየቅል ናቸው። ሳይመን ያውቃል። ኦሚክሮን ላይ ወንበሩ ላይ የተኛውን ራሱን በዓይኑ አይቶታል። ነገር ግን ማንም ሰው ከውስጥ ሆኖ «የምቀረው እኔ ነኝ» ብሎ ሊያስብ አይችልም። አሸናፊው ሁልጊዜ «ያው እኔ ተሻገርኩ» ይላል፣ ምክንያቱም ትዝታው ያንን ይነግረዋል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ዴሪክ ፓርፊት ሰውን እዚህ አጥፍቶ እዚያ በሚቀዳ ምናባዊ ማሽን ያነሳው ጥያቄ ይኸው ነው።

ጌሙ ይህን ገና ከመነሻው ያሳየናል። ኡፕሲሎን በሚባለው ጣቢያ ካርል ሴምከን የሚባል ወለል ላይ የወደቀ ሮቦት አለ። ሰው ነኝ ይላል፣ እርዳታ ይጠይቃል። ሳይመን ሮቦት እንደሚመስል ሲጠቁመው ጭራሽ አይገባውም። እኛም «ምስኪን፣ ራሱን አያውቅም» ብለን እናልፋለን። በዚያው ሰዓት የእኛው ሳይመን ግድግዳው ላይ ከበቀለ የዋው አበባ መሳይ ነገር ውስጥ እጁን ከትቶ ይድናል። ውሃ ሲያጥለቀልቀው አይሰምጥም። የገዛ አካሉ የሞተች ሴት አስከሬን በመጥለቂያ ልብስ ውስጥ፣ ጭንቅላቷ በነበረበት ቦታ ላይ ደግሞ ቺፕ ነው። ምልክቱ ሁሉ ዓይናችን ላይ ነበር።

ይህን ሳነብ አኖሶግኖዢያ የሚባለው ሁኔታ ትዝ አለኝ። ስሙን ያወጣለት ፈረንሳዊው ሐኪም ባቢንስኪ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1914። አንጎሉ ተጎድቶ ግማሽ አካሉ የማይንቀሳቀስ ሰው ምንም አልሆንኩም ይላል። እጅህን አንሳ ሲሉት ደክሞኛል ወይም አሁን አልፈለግኩም ብሎ ምክንያት ይሰጣል። እየዋሸ አይደለም፣ አእምሮው ቀዳዳውን በታሪክ እየደፈነ ነው። ጌሙ ይህን በሽታ በስም አይጠራም፣ ስለዚህ ሦስተኛው ዓምድ ላይ ነው ያለው። ግን ካርልንም ሳይመንንም በደንብ ይገልጻቸዋል። ሳይመን ደግሞ ታሪኩ ሲጀመርም አንጎሉ የተጎዳ ሰው ነበር።

አሽሊንም አትርሷት። ጌሙ ስለ እሷ ብዙ አይናገርም፣ እኔ ግን ከእሷ መጀመሩ በከንቱ ነው ብዬ አላምንም። በመኪናው ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ አንዱ ወጣ፣ አንዷ ቀረች። ሳይመን በሕይወት የተረፈ ሰው ጸጸት ይዞ ነው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው። ከዚያ በኋላ ታሪኩ በሙሉ የሚደጋግመው ያንኑ ነው፤ አንዱ ይወጣል፣ አንዱ ይቀራል። ኦሚክሮን ላይ የተኛውን ሳይመን ባትሪውን አሟጥጠን እንድንገድለው ወይም እንድንተወው ምርጫ ይሰጠናል። በሁለተኛው ዙር እዚያ ቆሜ ያሰብኩት ስለ አሽሊ ነው። በመጨረሻ የሚቀረው ራሱ ሲሆን፣ ሳይመን ለመጀመሪያ ጊዜ በእሷ ቦታ ይሆናል።

ማርክ ሳራንግ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ግን መጠቀስ አለበት። ከጣቢያው ሠራተኞች አንዱ ነበር። ስካን እንደተደረግክ ወዲያው ከሞትክ ሕይወትህ በአርክ ውስጥ ሳይቋረጥ ይቀጥላል ብሎ ያምን ነበር። የተከተሉት ሰዎች ራሳቸውን አጠፉ። ይህን እንደ አንድ እብድ ወሬ የሚያልፈው ብዙ ነው። ግን የሳራንግ እምነትና የካትሪን ሳንቲም ሲፈተሹ አንድ ሐሳብ ናቸው፤ «እኔ» የሚባል አንድ ነገር አለ፣ ከቦታ ቦታ ይሄዳል የሚል። ሳራንግ እስከ መጨረሻው ሄደበት፣ ሳይመን ደግሞ ተስፋ አደረገበት።

አሁን የማልቀበለውን ትርጓሜ ልናገር። «ሁሉም ነገር ወንበሩ ላይ ያለው የሳይመን ሕልም ነው» የሚሉ አሉ። ፈተሽኩት። አንደኛ፣ ጣቢያው ውስጥ ያሉት ማስታወሻዎች እርስ በርስ ይናበባሉ፤ ሳይመን ያላገኛቸው ሰዎች ጠብ፣ ፍቅርና ቂም አለባቸው። ሁለተኛውና ዋናው፣ ይህ ትርጓሜ ሊሸነፍ አይችልም። የሚቃረነው ነገር ሲገኝ «እሱም ሕልም ነው» ይላል። ምንም ማስረጃ የማይጥለው ትርጓሜ ምንም አይገልጽም። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ግምቴ ከጎኑ አንድ መስመር እጽፋለሁ፤ «ምን ባይ ይህን እተወዋለሁ?» መልስ ካጣሁለት ግምቱን እሰርዘዋለሁ።

ዋው ላይም ይህ ጠቅሞኛል። ዋውን ብዙዎች ክፉ ማሽን ይሉታል። እኔ ክፋት የሚያሳይ አንድ ትዕይንት ፈልጌ አላገኘሁም። ሰዎችን በሕይወት እንዲያቆይ ታዟል፣ ሕይወት ምን እንደሆነ ግን ማንም አልነገረውም። ስለዚህ ሳንባ ይነፋል፣ አስከሬን ያነሳል፣ ስካን ሮቦት ውስጥ ይጨምራል። ልናጠፋው ወይም ልንተወው እንችላለን፣ የትኛውንም ብንመርጥ መጨረሻው አይለወጥም። ይህ ሰነፍ አሠራር አይደለም። ምርጫዎቹ ታሪኩን ሊቀይሩ አልተቀመጡም፣ እኛን ሊጠይቁ ነው። ለዚያም ነው ስለ ራሳችን ሁኔታ የሚጠይቀው መጠይቅ ሁለት ጊዜ የሚመጣልን፤ አንዴ በመሃል፣ አንዴ ከማብቂያው በኋላ አርክ ውስጥ የነቃውን ሳይመን ስንሆን።

እስካሁን ያልፈታኋት ካትሪን ናት። የሰው ካትሪን ፋይ ጣቢያ ላይ ስለ አርክ በተነሳ ጠብ ሞታለች፣ አስከሬኗን እናገኛለን። ከእኛ ጋር ያለችው ቅጂ ግን ከዚያ በፊት የተወሰደች ናት። ሳንቲም እንደሌለ ታውቃለች? ሳይመን መንገድ ላይ እንዳይቆም ብላ ነው የነገረችው? ወይስ ለእሷ ከሁለቱ አንዷ ካትሪን መድረሷ በቂ ነው? ወደ መጨረሻው አደላለሁ። መጨረሻ ላይ ስትናደድ የምትከራከረው እንደተያዘ ውሸታም አይደለም፤ ሥራው ተሳክቶለት ሌላው ለምን ደስ እንደማይለው እንደማይገባው ሰው ነው። የሚቃወመኝ ደግሞ ኦሚክሮን ነው። አሮጌው ሳይመን አፉን እንደከፈተ ነው ያስተኛችው፣ አስቀድማም አላስጠነቀቀችም። በሚቀጥለው ዙር የምከታተለው እሷን ብቻ ነው፤ ስለ ቅጂ በተናገረች ቁጥር ሳይመን ምን ጠይቋት እንደነበር ከጎኑ እየጻፍኩ።