የሳልመን ወቅት ማን ነው የሚወስነው? ብዬ ስጠይቅ የገባሁበት ጣጣ

ሐዋሳ ነው ያደኩት። አሞራ ገደል ጠዋት ጠዋት ቆሮሶ ሲገፈፍ እያየሁ ስላደኩ ሲያትል ስመጣ ዓሣ ለኔ ብርቅ አይደለም ብዬ ነበር፣ ለካ ምንም አላውቅም። በ2015 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ኦገስት ላይ ኤርፖርት ታክሲ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ዌስት ሲያትል ሊንከን ፓርክ ዳርቻ ወሰደኝ፣ ፒንክ የሚባለው የሳልመን ዓሣ ዓይነት እዚህ በጎዶሎ ዓመት ነው በብዛት የሚገባው፣ ጉልበቴ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሜ አንዱ ሲይዝልኝ ሮዱን ልጥለው ምንም አልቀረኝም። በቃ ከዛ ቀን ጀምሮ ሚስቴ አጣችኝ።

እንደ ጀማሪ ሁሉ አበድኩ። ሮድ፣ ሪል፣ ያ ደረት ድረስ የሚለበሰው የውሃ ሱሪ፣ ላይሰንስ፣ ምን ያልገዛሁት አለ። ከዛ 2016 ሜይ መጀመሪያ ላይ ፒዩጄት ሳውንድ፣ ማለት ሲያትል ዳር ያለው የባሕር ወሽመጥ፣ ለሳልመን አጥማጅ ተዘጋ ተባለ። ለምን ሲባል ስቴቱና ትራይቦቹ፣ ማለት ኔቲቭ የሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች፣ አልተስማሙም። ሜይ መጨረሻ ላይ ደግሞ ተስማሙ ተባለ፣ ምን ላይ እንደተስማሙ ግን ራምፕ ላይ፣ ማለት ጀልባ የሚወርድበት ቦታ ላይ ከቆመው ሰው አንድም የሚያስረዳኝ አላገኘሁም። ስብሰባው ዝግ ነበር አሉ። እኔ ደግሞ ዝግ ስብሰባ ሲባል ደሜ ይፈላል፣ አገር ቤት "ስብሰባ ላይ ናቸው" እየተባልኩ ከስንት በር ተመልሻለሁ፣ ለዚህ ነው እንዴ አሜሪካ የመጣሁት አልኩ።

ራምፕ ላይ የሚወራው አንድ ወሬ ብቻ ነው፣ "ኔቲቮቹ በመረብ ጨረሱት"። እኔም ሰምቼ ሳወራ ነበር፣ አሁን ሳስበው አፍራለሁ፣ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ያደረኩት ነገር ትልቅ ስህተት ነበር። ዋሽንግተን ውስጥ በ1972 ሕዝቡ ራሱ ድምፅ ሰጥቶ ያጸደቀው የመንግሥት ሰነድ የማየት ሕግ አለ፣ ማንም ሰው ዜጋ ነህ አይደለህም ሳይባል ሰነድ ስጡኝ ማለት ይችላል፣ እነሱ ደግሞ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ወይ መስጠት ወይ መቼ እንደሚሰጡ መንገር ወይ በምክንያት መከልከል አለባቸው። ይሄን ስሰማ ደስ ብሎኝ ለስቴቱ የዓሣ መሥሪያ ቤት "ስለ 2016 የሳልመን ድርድር ያላችሁን ነገር በሙሉ" ብዬ ጻፍኩ። በሙሉ! አስቡት፣ የስንት ሰው ኢሜይል፣ የስንት ወር ሠንጠረዥ። በአምስተኛው ቀን መልስ መጣ፣ በክፍል በክፍል እየላክን ብዙ ወር ይፈጃል የሚል። ስልክ ደውዬ ሳወራ በመጨረሻ የምፈልገው ምንድነው ብለው ጠየቁኝ፣ "የተስማማችሁበትን ወረቀት" አልኩ። እሱማ በየዓመቱ በይፋ ይወጣል፣ ቁጭ ብሎልሃል አሉኝ። ተስማሙባቸው የተባሉት የዓሣ ማጥመጃዎች ዝርዝር ነው፣ በምህጻር ሎፍ ይሉታል፣ ዳቦ እንደማለት። እኔ የዱቄት ፋብሪካውን ሳስከፍት ዳቦው ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ግን ዳቦውን መብላት ሌላ ነገር ነው። ገጽ በገጽ ሠንጠረዥ ነው፣ በቦታ ቁጥር፣ በቀን፣ በማጥመጃ ዓይነት። ለሁሉ ክፍት መሆንና አንብቦ መረዳት መቻል ለየብቻ መሆናቸውን ያኔ ነው ያወቅኩት። ማንም አልደበቀኝም፣ ግን ሁለት ሌሊት ቡና እያፈላሁ አንብቤ የኔን ቦታ፣ ማሪን ኤሪያ 10ን፣ ማለት ሲያትልና ብሬመርተንን ብቻ ነው የለየሁት።

በ2017 ስብሰባ ሄድኩ፣ ኦሎምፒያ፣ የስቴቱ ዋና ከተማ። ሥራ ትቼ፣ ሁዳዴ ነው፣ ባዶ ሆድ። (ይሄ የወቅት ውሳኔ ሁልጊዜ ከጾማችን ጋር ነው የሚገጥመው፣ ከፌብሩዋሪ መጨረሻ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ፣ ስለ ዓሣ የምጨቃጨቀው ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም እየተባለ በሚጨቃጨቅበት ወር ነው።) ኖርዝ ኦፍ ፋልከን ይሉታል ሂደቱን፣ ሰሜን ኦሬገን ካለው ኬፕ ፋልከን እስከ ካናዳ ድንበር ያለውን ውሃ ስለሚመለከት። እኔ ፍርድ ቤት የምሄድ መስሎኝ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፣ እነሱ ግን ዘንድሮ ስንት ዓሣ ይመለሳል ብለው እንደገመቱ በወንዝ በወንዝ ቁጥር ነበር የሚያሳዩት። ተራዬ ሲደርስ ያለችኝን ጥቂት ደቂቃ በቁጣ ጨረስኳት፣ ለምን በዝግ፣ ለምን እኛ አንጠየቅም፣ ምናምን። በትህትና አመሰገኑኝ። ምንም።

ወጥቼ መኪና ማቆሚያው ጋ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ አጥማጅ ያዘኝና በመሠረቱ ይህን አለኝ፣ ዛሬ የታየው ቁጥር ነው ሁሉን የሚወስነው፣ አንተ ግን ስለ ቁጥሩ አንድም ጥያቄ አልጠየቅክም። ሌላው ሰው ደግሞ ኤፕሪል ላይ መጥቶ ይጮሃል፣ ያኔ ዓሣው ተከፋፍሎ አልቋል።

አካሄዱ ከገባኝ በኋላ ስነግራችሁ እንዲህ ነው። ከባሕር ዳርቻ ከሦስት ማይል ወዲያ ያለውን ውቅያኖስ የሚያየው የፌዴራሉ የፓሲፊክ ካውንስል ነው፣ የሱ ስብሰባ ክፍት ነው፣ ማርች ላይ ሦስት አማራጭ ያወጣል፣ ሕዝብ አስተያየት ይሰጣል፣ ኤፕሪል ላይ የመጨረሻውን ይወስናል። የውስጡን ውሃ፣ ማለት ፒዩጄት ሳውንድንና ወንዞቹን፣ ስቴቱና ትራይቦቹ ናቸው ተስማምተው የሚያወጡት፣ እናም የመጨረሻው ድርድር አብዛኛውን ጊዜ የሚካሄደው ያው የኤፕሪሉ ስብሰባ ባለበት ሆቴል ውስጥ ነው፣ ትልቁ አዳራሽ ክፍት፣ ጎን ያሉት ክፍሎች ዝግ። ስቴቱ ደግሞ ዘጠኝ አባል ያለው፣ ገዢው የሚሾመው ኮሚሽን አለው፣ የሱም ስብሰባ ክፍት ነው፣ አስተያየት ይቀበላል፣ ግን ኮሚሽኑ መመሪያውን ነው የሚያወጣው እንጂ ድርድሩ ውስጥ የሚገባው ዳይሬክተሩና ሠራተኛው ነው። ስለዚህ በ1971 የወጣው የክፍት ስብሰባ ሕግ እያለ እንዴት በዝግ ይሆናል ብዬ ስናደድ የነበረው ትክክለኛውን በር ስላላወቅኩ ነው።

አሁን ስለ ትራይቦቹ። ሁላችንም ያልገባን ይሄ ነው። በ1854 እና 1855 የዛን ጊዜው ገዢ አይዛክ ስቲቨንስ ውል ሲያስፈርማቸው መሬቱን ሰጥተው በድሮ ቦታቸው ዓሣ የማጥመድ መብታቸውን አስቀሩ። አስቀሩ እንጂ ማንም አልሰጣቸውም። ለብዙ ዓመታት ሲታሰሩና መረባቸው ሲነጠቅ ከቆየ በኋላ በ1974 ፌብሩዋሪ 12 ዳኛ ጆርጅ ቦልት ሊጠመድ ከሚችለው ዓሣ እስከ ግማሹ የነሱ ነው ብሎ ፈረደ፣ በ1979 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ዋናውን ነገር አጸናው። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጡት እንደኔ ላይሰንስ የገዛ ሰው ሆነው ሳይሆን እንደ መንግሥት ነው፣ መንግሥት ከመንግሥት ጋር ሲደራደር ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ጋዜጠኛም ታክሲ ነጂም አይገባም። ይሄን ካነበብኩ በኋላ ስለ ዝግ ክፍሉ ያለኝ ቁጣ ግማሹ ጠፋ። ግማሹ ግን አለ፣ ምክንያቱም ስቴቱ እኔን ወክሎ ነው የገባው፣ ከወጣ በኋላ ምን ጠይቆ ገባ፣ ምን ለቀቀ፣ በምን ለወጠ የሚለውን በአንድ ገጽ ግልጽ አድርጎ ቢነግረኝ የማንም ሉዓላዊነት አይነካም። እኔ በዚህ ነው የምከራከረው፣ በሩን ክፈቱ ሳይሆን ስትወጡ ንገሩን።

ቁጥሩ ጋ ልመለስ። በሁለተኛው ዓመት አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ ሄድኩ፣ "ኤሪያ 10ን የሚያጠብበው የትኛው ወንዝ ዓሣ ነው?" አንዱ ባዮሎጂስት ፊቱ በራ፣ ወረቀት አውጥቶ ሥዕል ሣለልኝ። ቺኑክ የሚባል ሌላ የሳልመን ዓይነት አለ፣ የፒዩጄት ሳውንዱ ዱር (ሰው ያላራባው) ቺኑክ ከ1999 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ የመጥፋት ስጋት ያለበት ተብሎ የተመዘገበ ነው፣ ባሕሩ ላይ ደግሞ የሁሉም ወንዝ ዓሣ ተደባልቆ ነው የሚዋኘው፣ ስለዚህ በጣም ደካማው ወንዝ ነው ሌላውን ሁሉ የሚያስረው። የቅርብ ዓመታት ዋና ማሰሪያ ስቲላጉዋሚሽ ነው አለኝ። ስሙን እንኳን መጥራት አልቻልኩም። ሌላው ደግሞ ፍራም የሚሉት የኮምፒውተር ሞዴል አለ፣ በየቦታው ማጥመጃ ቢከፈት ከየወንዙ ስንት ዓሣ ይሞታል የሚለውን ያሰላል፣ እና እዛ ውስጥ ለቅቄዋለሁ ያልከው ዓሣም ይገባል፣ የተወሰነው መንጠቆው ጎድቶት ይሞታል ተብሎ ይቆጠራል። እኔ ዱሩን ቺኑክ በየዋህነት እየለቀቅኩ "እኔ አልነካሁም" ስል የነበርኩ ሰውዬ ሂሳብ ላይ ተጽፌ ነበር።

አንድ እሁድ ስቲላጉዋሚሽን ላየው ሄድኩ፣ ከሲያትል ወደ ሰሜን፣ አርሊንግተን አልፎ። በ2014 ኦሶ ላይ ተራራው ተንዶ 43 ሰው የሞተው እዛው የዚህ ወንዝ ዳር ነው። ውሃው የጭቃ ቀለም ነበረው። ድልድይ ላይ ቆሜ ሊንከን ፓርክ የምቆመው እኔን የሚያስረኝ ይሄ ነው ብዬ አየሁት፣ አልተናደድኩም፣ አዘንኩለት ብል ይሻላል።

ከሁሉም ያሳፈረኝ ግን ሌላ ነው። ራምፕ ላይ ክሊፕቦርድ የያዘች ልጅ ትቆማለች፣ ስንት ሰዓት አጠመዳችሁ፣ ስንት ያዛችሁ፣ ስንት ለቀቃችሁ ትላለች፣ አንዳንዴ እንደ ኤርፖርት ፍተሻ ያለ ዘንግ በዓሣው አፍንጫ ላይ ታዞራለች። እኔና ጓደኞቼ እሷን ስናይ በሌላ በኩል ነበር የምንወጣው። ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ሲጠይቅ ሐበሻ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፣ "ምንም አልያዝንም እህቴ"። ለካ ፖሊስ አይደለችም። ሀቸሪ፣ ማለት ዓሣ ማራቢያ ውስጥ ካደገው ዓሣ አንዳንዱ አፍንጫው ውስጥ ምልክት ያለባት በጣም ትንሽ ሽቦ ይደረግለታል፣ የየት ወንዝ እንደሆነ የሚታወቀው በሷ ነው፣ ዘንጉ እሷን ነው የሚፈልገው። እና የኛ መልስ፣ የሷ ቆጠራ፣ ያቺ ሽቦ፣ እነዚህ ናቸው ተጠራቅመው ሞዴሉ ውስጥ የሚገቡት። ቁጥራችሁ ከየት መጣ ብዬ ኦሎምፒያ ድረስ ሄጄ የጮህኩት እኔ በየሳምንቱ ራምፕ ላይ ቁጥሩን የምዋሽ ሰው ነበርኩ። ግልጽነት እነሱ ብቻ የሚሰጡት ነገር አድርጌ ነበር የያዝኩት።

ሌላ ያጠፋሁት፣ ወቅቱ አንዴ ከወጣ አለቀ ብዬ ማመኔ። መሃል ላይ ኮታ ሲሞላ ወይም የሚለቀቀው ዓሣ ሲበዛ በአስቸኳይ ደንብ በቀናት ውስጥ ይዘጋል። አንዴ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተን ሁለት ሰዓት ውሃ ውስጥ ከቆምን በኋላ ነው አንድ ሰው ከትናንት ጀምሮ ቺኑክ ዝግ ነው ያለን፣ እግዜር ይመስገን ምንም አልያዝንም ነበር፣ ተይዘን ቢሆን "አላውቅም ነበር" ማለት ከቅጣት አያድንም። አሁን ከቤት ሳልወጣ ነው የማየው።

አሁን የማደርገው ቀላል ነው። ፌብሩዋሪ መጨረሻ ግምቱ ሲወጣ የኔን ቦታ የሚነኩ ሦስት አራት ወንዞች ብቻ አያለሁ፣ ካለፈው ዓመት ጋር አስተያያለሁ፣ ማርች ላይ በዙም አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ ወይም በጽሑፍ እልካለሁ፣ በኋላ ሎፉ ሲወጣ የጠየቅኩትን እፈልጋለሁ። ከዛ ለሐበሻ አጥማጆች የቴሌግራም ግሩፕ በድምፅ እልካለሁ፣ የት መቼ ተከፈተ፣ የቱ ይለቀቃል፣ ቺኑክ ከሆነ ጀርባው ላይ ጭራው አጠገብ ያለችው ትንሿ ክንፍ የተቆረጠች ከሆነ የሀቸሪ ነው፣ ካለች እንደ ዱር ቆጥራችሁ ልቀቁ እያልኩ። ጽሑፍ ማንም አያነብም፣ ሦስት ደቂቃ ድምፅ ግን እየነዱ ይሰሙታል። ያስለወጥኩት ወቅት አለ ወይ ካላችሁ የለም፣ አንድም ቀን አልተጨመረልኝም። ግን ሲዘጋ በማን እንደተዘጋ ሳይሆን በምን እንደተዘጋ አውቃለሁ፣ ግሩፑ ውስጥም "ኔቲቮቹ ናቸው" የሚል ሰው ሲመጣ የሚመልስለት እኔ ብቻ አይደለሁም አሁን።

ባለፈው አንድ አዲስ የመጡ ጋሼ ከእኛ ጋር ወጡ፣ ሁለት ኮሆ (ይሄም የሳልመን ዓይነት ነው) ይዘው ራምፑ ላይ ልጅቷን ሲያዩ ባልዲውን ጃኬታቸው ሥር ሊከቱ ይታገላሉ፣ እንዴት ይግባ ባልዲ ጃኬት ሥር። "ጋሼ ያምጡት፣ ልታየው ነው" አልኳቸው። "ግብር ትጠይቀኛለች እንዴ?" አሉኝ። ዘንጉን ስታዞር አንደኛው ዓሣ ላይ ጮኸ፣ ልጅቷ ደስ ብሏት ጭንቅላቱን ልውሰደው ስትላቸው ጋሼ ዞር ብለው በአማርኛ "ጭንቅላቱንማ ለሾርባ ነው የምፈልገው" አሉ። ተደራድረን ሰጠናት።