«ባትሪ» ያልኩበት ቀን

መኪናዬ ከተገዛች ገና 11 ወሯ ነበር። ሰኞ ጠዋት ቁልፉን ሳዞር የዳሽቦርዱ መብራቶች ቦግ ብለው ፈዘዙ፤ ከኮፈኑ ሥር ቀጭ-ቀጭ-ቀጭ የሚል ፈጣን ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ጸጥ። ከዚያ ጠዋት ጀምሮ አራት ወር ሙሉ የተመላለስኩት በአንዲት ቃል ምክንያት ነው። ቃሏን የተናገርኩት ደግሞ እኔው ራሴ ነኝ። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ማስነሳቱ ቀላል ነው። ጎረቤቴ ገመድ አምጥቶ ከሱ መኪና አስነሳልኝ። ቀዩ ከፖዘቲቭ ወደ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ከእሱ ባትሪ ኔጋቲቭ ተነስቶ ሌላው ጫፉ የእኔ ሞተር ላይ፣ ከባትሪው ራቅ ያለና ቀለም ያልነካው ብረት ላይ። በአምስት ደቂቃ አለቀ። ድምፁን ግን ልብ በሉ። እንዲህ ያለ ፈጣን ቀጭቀጭታ አብዛኛውን ጊዜ የባትሪ መድከም ነው። አንዴ ብቻ «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ ሞተሪኖውን (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን)፣ ወይም ወደ ሞተሪኖው የሚሄደውን ገመድና ማሳውን (ባትሪውን ከመኪናው ብረት ጋር የሚያገናኘውን ገመድ) ጠርጥሩ። ሞተሩ በደንብ እየዞረ አልነሳም ካለ ባትሪውን ተዉት፤ ጉዳዩ አብዛኛውን ጊዜ ነዳጅ ወይም ካንዴላ (ነዳጁን የሚያቀጣጥለው) ጋ ነው።

ከዚያ ዋስትና አለኝ ብዬ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ ወደ ሻጩ ድርጅት ጋራዥ ነዳሁ።

መቀበያው ጋ የተቀመጠችው ልጅ ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል «ምን ችግር አለው?» አለችኝ። «ባትሪው ይሞታል» አልኳት። እሷም ጻፈች፦ «የደንበኛ ቅሬታ፦ ባትሪ ይደክማል።» እኔም ፈረምኩ። በቃ፣ ጥፋቴ ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ የዚህች መስመር ልጅና የልጅ ልጅ ነው።

እኔ ያየሁት ባትሪ አልነበረም። ያየሁት፣ ቅዳሜና እሑድ ቆማ ያደረች መኪና ሰኞ ጠዋት አልነሳ ማለቷን ነው። ባትሪው ሞተ ማለት የእኔ ግምት ነበር። ጋራዡ ግን ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው የሚሠራው። ወረቀቱ ባትሪ አለ፤ ባትሪውን መረመሩ፤ ባትሪው ደህና ሆነ። «ቻርጅ ተደርጓል። ችግር አልተገኘም።» ፋይሉ ተዘጋ። ባትሪውን ማን እያራቆተው እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም፤ ምክንያቱም እኔም አልጠየቅኩም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ያው ድምፅ። ስልክ ደወልኩ። «አስነሺና አምጪያት» አሉኝ። የመኪናዋም መመሪያ መጽሐፍ የሚለው ይህንኑ ነው፤ በሌላ ባትሪ አስነስተህ ለምርመራ ውሰድ። እኔ ዛሬ በተቃራኒው እላለሁ፦ ዋስትና ውስጥ ያለችና ሁለቴ የሞተች መኪና ከሆነች አታስነሷት። መጥተው ሞታ ይዩዋት፣ ወይም ሞታ እንዳለች ትጎተት። አንድ ሰዓት ስነዳት ዲናሞው በ14 ቮልት አካባቢ ሲሞላው የዋለ ባትሪ፣ ጋራዥ ደርሶ ሲለካ ጀግና ነው የሚመስለው። ላዩ ላይ የተንሳፈፈው ቻርጅ ነው እንዲህ የሚያሳየው፤ የፊት መብራቱን ጥቂት ደቂቃ አብርተው አጥፍተው ካልለኩት እውነቱ አይወጣም። እኔ ማስረጃዬን በገዛ እጄ ቻርጅ እያደረግኩ ወስጄ አስረከብኳቸው።

«እህቴ፣ መብራት ረስተሽ ይሆናል» አለኝ የጥገና ኃላፊው። መብራት አልረሳሁም። «በርም ሳይዘጋ ቀርቶ ይሆናል።» በርም ዘግቻለሁ። ፈገግ አለ። ያቺ ፈገግታ እስከ ዛሬ ትቆጠቁጠኛለች።

ሦስተኛው ጊዜ ግን ከሁሉ የከፋው ነው። መኪናዋ ሁለት ቀን እነሱ ጋ አደረች። ማታ፣ ሊዘጉ ሃያ ደቂቃ ሲቀራቸው ጠሩኝ። ኃላፊው ወረቀቱን በጣቱ ወደ እኔ ገፋ አደረገው። እንዲህ ይላል፦ «ደንበኛው ባስገጠመው ተጨማሪ መሣሪያ ምክንያት የደረሰ፤ ዋስትናው አይመለከተውም።» ተጨማሪ መሣሪያ ያሉት የፊት መስታወቱ ላይ የለጠፍኳትን ካሜራ ነው። ከሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ ላይ የምትሰካ፣ ቁልፉ ሲጠፋ አብራ የምትጠፋ ካሜራ! ከሥር ደግሞ የምርመራ ክፍያ ተጽፏል።

«ነቅላችሁ ለክታችኋል?» አልኳቸው።

«ታይቷል።»

«ስንት ሆነ?»

«እህቴ፣ ታይቷል አልኩሽ እኮ።»

ከመናደዴ የተነሳ ጆሮዬ ሲግል ይሰማኛል። መኪናዋን ልውሰድ ስል ደግሞ ሳልከፍልና ሳልፈርም ቁልፉን እንደማይሰጡኝ ነገሩኝ። ዘበኛው በሩን መዝጋት ጀምሯል። ከፈልኩ፤ ፈረምኩ። የፈረምኩበት መስመር ላይ «በውጤቱ ተስማምቼ ተረክቤያለሁ» ይላል። አላነበብኩትም። ቤት ገብቼ ነው ያነበብኩት።

ያኔ ማድረግ የነበረብኝ ነገር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም ነበር፦ «ተስማምቼ» የሚለውን ሰርዤ «መኪናዬን ተረክቤያለሁ፤ በውጤቱ አልስማማም» ብዬ በእጄ ጽፌ፣ ቀንና ሰዓት አስፍሬ፣ በስልኬ ፎቶ አንስቼ መፈረም። ክፍያውም ላይ «እየተቃወምኩ የከፈልኩት» ማለት። ወረቀት ላይ መጻፍ የሚከለክል ሰው ካለ፣ መከልከሉንም እዚያው ፊቱ በስልክ መልእክት ልልክለት ይገባኝ ነበር። የእኔ ነገር፣ ሰው ፊት መጨቃጨቅ አልወድም። ይሉኝታዬ ብዙ አስከፍሎኛል።

«ታይቷል» የሚለው ቃልም መልስ አይደለም። «ደህና ነው» ም አይደለም። መልስ ማለት ቁጥር ነው። ባትሪው አርፎ ስንት ቮልት ነበር? ሙሉ ከሆነ 12.6 አካባቢ፣ ግማሽ ከሆነ 12.2 አካባቢ መሆን አለበት። ሞተሪኖው ሲዞር እስከ ስንት ወረደ? ሁሉም ነገር ጠፍቶ፣ በሩ ተቆልፎ፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ ስንት ሚሊአምፔር ይጎትት ነበር? ለአብዛኛው መኪና ከ50 በታች ሲሆን ነው ጤነኛ የሚባለው። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ወረቀት ላይ ያላሰፈረ ጋራዥ መኪናችሁን አልመረመረም፤ አስተናግዶ ሸኝቷል።

ሻጮች «የውጭ ሰው ካስነካችሁ ዋስትናው ይፈርሳል» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። መፍታት፣ መቀየር፣ ሽቦ መቁረጥ ሰበብ ይሰጣቸዋል። መለካት ግን ሌላ ነገር ነው። እኔ የምታዘበው፣ ሰው ሁሉ በዚህች ማስፈራሪያ ምክንያት ከአንድ ሐኪም በቀር ሌላ ሳያይ ይቀራል። ስለዚህ በዕድሜ የገፉ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ጋ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ምንም እንዳይፈቱብኝ፣ ብቻ ይለኩልኝ» አልኳቸው። «እኔም የሰው ነገር መፍታት አልወድም፣ ልጄ» አሉኝ።

ኮፈኑን ከፈቱ፤ የኮፈኑንና የሾፌሩን በር መቆለፊያ ምላስ በመፍቻ ጫፍ ጫን አድርገው ቆለፉት፤ መኪናዋ ሁሉም የተዘጋ መሰላት። ቁልፉን ራቅ አድርገው አስቀመጡት። መለኪያውን ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር፣ ኤሌክትሪኩ ለአፍታም ሳይቋረጥ አገናኙት። ከዚያ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። እኔ ወዲያው ውጤት ነበር የጠበቅኩት። «ኮምፒውተሮቿ ይተኙ እንጂ፤ ሰው እንኳ ጋደም ሲል ወዲያው አይተኛም» አሉ። ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ቁጥሩ እየወረደ ወርዶ 0.03 አምፔር ላይ ቆመ። ሠላሳ ሚሊአምፔር። ጤነኛ!

ተስፋዬ ተሟጠጠ። ኃላፊው እውነቱን ኖሯል አልኩ። ልነሳ ስል ቁጥሩ ዘሎ 0.45 ሆነ። ማንም አልነካትም። ካሜራዬ ከነሽቦዋ ተነቅላ ጭኔ ላይ ናት። ጥቂት ቆይቶ መልሶ ወረደ፤ ደግሞ ዘለለ።

«ማነው የሚቀሰቅሳት?» አሉ ጋሼ፣ ለራሳቸው።

ፊውዝ አልነቀሉም። ሲነቀልና ሲመለስ የተኛው ሁሉ ይነቃል፤ ያን ጊዜ ሌባው ይሰወራል አሉኝ። ይልቅ ሌላ መለኪያ ወደ ሚሊቮልት አዙረው በእያንዳንዱ ፊውዝ ጀርባ ላይ ያሉትን ሁለት ነጥቦች በጫፎቹ ነካ ነካ አደረጉ። ኤሌክትሪክ የማያልፍበት ፊውዝ ዜሮ ያሳያል፤ የሚያልፍበት ጥቂት ያሳያል። የውስጥ መብራቶቹ ፊውዝ አሳየ። ተያየን። ከውጭ ሲታይ የበራ መብራት የለም።

ስልኬን ቪዲዮ እንዲቀርጽ አድርጌ ዕቃ መጫኛው ውስጥ፣ ከመደርደሪያው ሥር አስቀምጬ ዘጋሁበት። 40 ደቂቃ። ያንን ቪዲዮ አሁንም አለኝ። ጨለማ ነው፤ ጨለማ ነው፤ ከዚያ ድንገት ትንሿ መብራት ብልጭ ትልና የትርፍ ጎማው መፍቻ፣ አንድ የጠፋብኝ ጓንትና የምንጣፉ ጠርዝ ይታያሉ። ትጠፋለች። ደግሞ ትበራለች። የኋላ በሩ መቆለፊያ ውስጥ ያለችው ስዊች እየተርገበገበች፣ ለመኪናዋ «በሩ ተከፍቷል» ትላታለች። ብዙ መኪና መብራት ቢረሳ ከተወሰነ ደቂቃ በኋላ በራሱ ያጠፋዋል፤ የእኔ ላይ ግን ስዊቿ በተነካካች ቁጥር ቆጠራው ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ የተኙት ኮምፒውተሮችም አብረው ይነቃሉ።

ሒሳቡን ጋሼ በሲጋራ ፓኮ ላይ ሠሩልኝ። 0.45 አምፔር በቀን ወደ 11 አምፔር-ሰዓት ይበላል። ባትሪው የሚይዘው 60 ነው። ሳይቋረጥ ከጎተተ ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት ግማሽ ያህሉ ይሄዳል። በሥራ ቀን ስለምነዳት መልሳ ትሞላለች፤ ለዚህ ነው ሁልጊዜ ሰኞ ሰኞ የምትሞተው። ስዊቿ ጥሩ ሆና በዘጋችበት ሳምንት ደግሞ ምንም አይሆንም። ጋራዡ ውስጥ ያደረችባቸው ሌሊቶች ከነዚያ ጥሩ ሌሊቶች ሳይሆኑ አይቀሩም። እዚህ ላይ ለጋራዡ ትንሽ እፈርድላቸዋለሁ። ትንሽ።

ጋሼ የለኩትን ሁሉ በወረቀት ላይ ጽፈው ፈረሙልኝ። እኔም ቤቴ ተቀምጬ አንድ ገጽ ጻፍኩ፦ የሞተችባቸው ቀኖች፣ ስንት ሰዓት ቆማ እንደነበር፣ የኪሎሜትሩ ንባብ፣ ቁጥሮቹ። ንዴት የሚባል ነገር አንድ መስመር አላስገባሁም፤ ሦስቴ ጽፌ ሦስቴ ነው ያወጣሁት። ለጋራዡና ለአስመጪው ዋና ቢሮ በኢሜይል ላክሁ። መኪናዋን ሳስረክብ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፦ ቻርጅ ሳታደርጉ፣ ሳታስነሱ፣ ቆልፋችሁ ሁለት ሌሊት አሳድሯትና ለኩ።

«ቪዲዮ ማስረጃ አይሆንም» አለ ኃላፊው መጀመሪያ። «እሺ፣ እርስዎ ይለኩና የእርስዎን ቁጥር ይጻፉልኝ» አልኩት። በሦስተኛው ቀን ደወሉ። መቆለፊያው በዋስትና ተቀየረ። የፈጀው ከግማሽ ሰዓት በታች ነው። የምርመራ ክፍያዬንም መለሱልኝ፤ ይቅርታ ግን አልነበረበትም።

ባትሪውን ግን አልቀየሩትም። በተደጋጋሚ እስከ ታች መራቆት የማስነሻ ባትሪን ይገድለዋል፤ ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ ሰልፌት የሚባል ቅርፊት ይጠነክርና የሚይዘው እያነሰ ይሄዳል። ሞተሪኖው ሲዞር ጤነኛ ባትሪ ከ9.6 ቮልት በታች መውረድ የለበትም፤ የእኔው 8.7 ይደርስ ነበር። ያበላሸው የእነሱ መቆለፊያ ነው አልኩ። ኃላፊው ፋይሉን ገልጦ አሳየኝ። የባትሪው ዋስትና 12 ወር ነው፤ አሁን 15 ወር ሆኗል። በ11ኛው ወር ባትሪ ብለሽ መጥተሽ ነበር፤ ባትሪው ተመርምሮ ደህና ነበር። ኃይል ይጎትታል የሚል ቅሬታ በዚያን ጊዜ አልተመዘገበም። ጣቱን መስመሯ ላይ አሳረፈ፦ «ባትሪ ይደክማል።» ከሥሯ የእኔ ፊርማ።

መልስ አልነበረኝም። አዲስ ባትሪ በራሴ ገንዘብ ገዛሁ።

ባለፈው ሳምንት ለመደበኛ ሰርቪስ ሄጄ ነበር። መቀበያው ጋ ያችው ልጅ ናት። ከኮምፒውተሯ ሳትነሳ «ሌላ ችግር አለው?» አለችኝ። ከቦርሳዬ ወረቀት አወጣሁ። ቁልቁለት ስወርድ ፍሬን ስይዝ መሪው ይንቀጠቀጣል ብዬ አነበብኩላት።

«ፍሬን ልበል?» አለችኝ።

«አትበዪ» አልኳት። «ያልኩሽን ጻፊ።»

ጻፈች። አንብቢልኝ አልኳት፤ አነበበችልኝ። ከዚያ ፈረምኩ።