የረቡዕ ማታ ፓስታ በአትክልት

ረቡዕ ማታ እኛ ቤት ፓስታ በአትክልት ነው። ጾም ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ በፍስክ ቀንም ደስ ብሎኝ የምሠራው ራት ነው። ብዙ ቤት ግን ፓስታ የሚታወሰው ወጥ ሲጠፋ ነው። "ምንም ከሌለ ፓስታ ቀቅይ" ሲባል ቅር ይለኛል። በደንብ ከተሠራ ከየትኛውም ወጥ አያንስም። ለዚያ ደግሞ ውድ ነገር አያስፈልግም። የትኛው መቼ ድስት ውስጥ እንደሚገባ ማወቅ ነው ዋናው።

አትክልቱን ከሥራ ስመለስ አራት ኪሎ ከታክሲ ወርጄ ከሰፈራችን ጉሊት እገዛለሁ። አትክልት ተራ ፒያሳ ሳለ ቅዳሜ በእግሬ ሄጄ የሳምንቱን ይዤ እመጣ ነበር። በ2012 በኮሮና ጊዜ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፤ ኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። ለሁለት ካሮት ብዬ እዚያ ድረስ አልሄድም። የጉሊቷ እናት ደንበኛቸው ነኝ። "የኔ ልጅ፣ ዝኩኒው ዛሬ ለጋ ነው" ካሉኝ አምኜ እወስዳለሁ።

አንድ 500 ግራም ፓስታ ለአራት ሰው ይበቃል። ለእሱ ሁለት ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ አራት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ሁለት ካሮት፣ አንድ እፍኝ ፎሶሊያ፣ አንድ ዝኩኒና አምስት ጥሩ አድርጎ የበሰለ ቲማቲም እይዛለሁ። የቲማቲም ድልህ አልጨምርም። ቲማቲሙ በደንብ ከቀላ ድልህ ጣዕሙን ይሸፍነዋል።

ሽንኩርቱን በዘይት አቁላላለሁ፤ ግን እንደ ወጥ ሽንኩርት ብዙ አይቆይም፣ ወርቃማ ሲሆን ይበቃዋል። ከዚያ ካሮቱ፣ ቀጥሎ ፎሶሊያው ይገባል። ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጌ እከድነዋለሁ። ቲማቲሙን የምጨምረው ሁለቱ ከለሰለሱ በኋላ ነው። ይህችን ቅደም ተከተል እባካችሁ ጠብቋት። ቲማቲም ኮምጣጣ ነው። ኮምጣጣ ነገር ደግሞ አትክልት ቶሎ እንዳይለሰልስ ያደርገዋል። ካሮቱን ከቲማቲሙ ጋር አንድ ላይ ከጨመራችሁት ስልሱ ደርሶም እሱ ገና ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። ፎሶሊያውም አረንጓዴነቱን ያጣል።

ቲማቲሙን አልከትፈውም፤ በመፈቅፈቂያ እፈቀፍቀዋለሁ። ልጣጩ እጄ ላይ ይቀራል። ዝኩኒው ቶሎ ስለሚፈርስ መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው። ነጭ ሽንኩርቱም ከእሱ ጋር።

አሁን ወደ ፓስታው። እሽጉ ላይ ስምንት ደቂቃ ወይም ዘጠኝ ደቂቃ ይላል። ያ ልክ የተለካው ከእኛ ከተማ በጣም ዝቅ ላለ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ባሕር ዳርቻ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ሲፈላ እዚህ በ92 ገደማ ይፈላል። ድስቱ ቢንተከተክም ሙቀቱ ያንሳል፤ ስለዚህ ፓስታው ቀስ ብሎ ይበስላል። እኔ ሁለት ሦስት ደቂቃ እጨምርና አንድ ዘለላ አውጥቼ እቀምሳለሁ። መሀሉ ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ ሲቀር አወጣዋለሁ፤ የቀረውን ስልሱ ውስጥ ይጨርሳል። ካሮትና ፎሶሊያም የሚዘገዩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ከፍታ ነው።

ውሃው ላይ ዘይት የማድረግ ልማድ አለን፣ እንዳይጣበቅ ተብሎ። ዘይቱ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል እንጂ ፓስታውን ከመጣበቅ አያድነውም። ስናጠልለው ደግሞ ፓስታው ላይ ይቀርና ስልሱ እንዳይዝበት ያንሸራትተዋል። እንዳይጣበቅ ሰፊ ድስት፣ በቂ ውሃና መጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ላይ ማማሰል ይበቃል። ለ100 ግራም ፓስታ አንድ ሊትር ውሃ የሚለው የጣሊያኖች ልክ ጥሩ ነው። ከበሰለ በኋላ በቀዝቃዛ ውሃ ማጠቡንም ተዉት። ስልሱን የሚይዘው ላዩ ላይ ያለው ስታርች ነው፤ ውሃው አጥቦ ይወስደዋል።

ከማጥለሌ በፊት ከመቀቀያው ውሃ አንድ ስኒ ሙሉ አስቀራለሁ። ፓስታውን ስልሱ ላይ ገልብጬ ያንን ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እያፈሰስኩ አማስለዋለሁ። ዘይቱና ቲማቲሙ ተለያይተው የነበሩት ይዋሃዳሉ። ስልሱ ይወፍርና ያብረቀርቃል። ለኔ ከሥራው ሁሉ የምወዳት ደቂቃ ይህች ናት። በመጨረሻ የተቆራረጠ ቃሪያና ጥቂት ትኩስ በሶብላ።

ባለቤቴ እንጀራ ከሌለበት ራት የበላ አይመስለውም። ስለዚህ ለእሱ እንጀራ ላይ አወጣለታለሁ። ፓስታውን ከመቀቀሌ በፊት ለሁለት የምሰብረውም ለዚህ ነው፤ ለመጉረስ ይመቻል። ጣሊያኖች ይህን ባይወዱትም የኛ ገበታ የኛ ነው። በእንጀራ የተጠቀለለ ፓስታ፣ ቃሪያው ምላስ ላይ ቆጥቆጥ ሲያደርግ፣ በጣም ይጥማል። ልጄ በሹካ መጠቅለል ትወዳለች፤ ለእሷ ሳልሰብር ጥቂት አስቀራለሁ።

የተረፈው ለምሳ ዕቃ ይሆናል። ጠዋት መጥበሻ ላይ ያለ ተጨማሪ ዘይት፣ በሁለት ማንኪያ ውሃ ከድኜ አሞቀዋለሁ። ዳር ዳሩ ትንሽ እስኪደርቅ ከቆየ ልጄ ከማታው ይልቅ እሱን ትመርጣለች።