ትራንስፖዝ የሌለው ፒያኖ

የቅዳሜውን ነገር ሳልረሳው ልጻፈው።

የሙዚቃ ትምህርት ቤት ማፈላለግ ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ከዚያ በፊት ስድስት ዓመት ሙሉ በቤተ ክርስቲያናችን ለመዘምራን ኪቦርድ ስጫወት ነው የኖርኩት። የለመድኩት በጆሮዬ ነው፤ ኖታ አላነብም። ማንም መዝሙር ቢጀምር ግን ተከትዬ እገባለሁ። ሰውም "እጇ ጥሩ ነው" ይለኛል። አሁን ሙዚቃን እንጀራዬ ላደርገው ቆርጫለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ትምህርት ቤት ልጠይቅ ሄድኩ። የተቀበሉኝ መምህር ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። "እስቲ ቁጭ በይና የምትወጂውን ተጫወቺልኝ" አሉኝ። ትዝታን ተጫወትኩ። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ስጨርስ "ጎሽ ልጄ! አሁን ደግሞ ይህንኑ ከኢ ፍላት አምጪልኝ" አሉ፤ ዜማው ያው ሆኖ መነሻ ድምፁ ይቀየር ማለታቸው ነው።

እጄ ቀጥ አለ።

ስድስት ዓመት ሁሉንም ነገር የተጫወትኩት ከሲ ነው። የዘማሪው ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ትራንስፖዝ የምትለዋን ቁልፍ እጫናለሁ፤ እጄ እዚያው ሲ ላይ እያለ ድምፁን ኪቦርዱ ራሱ ይቀይረዋል። ፒያኖ ላይ ያቺ ቁልፍ የለችም። ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ የነበረው ትዝታ አሁን ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት፣ ሲ መሆን አለበት። አምስት ድምፅ ብቻ! አንዱን ሳገኝ ሌላው ይጠፋኛል። ቁልፉም ከበደኝ። የኔ ኪቦርድ ባለ 61 ቁልፍ ነው፤ ነካ ካደረጉት ይጮሃል። ፒያኖ 88 ቁልፍ አለው፤ እያንዳንዱን ስትጫኑት ውስጥ ያለችው መዶሻ ተነስታ ክሩን ትመታለች። ትንሿ ጣቴ የነካችው ድምፅ ጭራሽ አልተሰማም።

መምህሩ አልተቆጡም። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። "ጆሮሽስ ተምሯል። ያልተማረው እጅሽ ነው" አሉኝ። ወደ ቤት ስመለስ ታክሲ ውስጥ እንባዬ መጣ። የከፋኝ ግን አልነበረም። የጎደለኝን ነገር በስሙ የጠራልኝ ሰው አግኝቼ አላውቅም ነበር።

እስከዚያ ቀን ድረስ ትምህርት ቤት የምለካው በስሙ፣ በክፍያውና ከሰፈሬ ባለው ርቀት ነበር። አሁን ጥያቄዬ ሌላ ሆነ። በሳምንት ስንት ጊዜ ከመምህር ጋር ለብቻዬ እቀመጣለሁ? ፒያኖው ስንት ነው፣ ተማሪውስ? መለማመጃ ክፍሉ በስንት ሰዓት ይዘጋል? ቤቴ ፒያኖ የለም፤ በቅርቡም አይኖርም። በኋላ ያየሁት አንድ ሌላ ትምህርት ቤት አዳራሹ ያማረ ነው፤ ግን ከሠላሳ ለሚበልጥ ተማሪ ያለው ሁለት ፒያኖ ነው። እጅ እዚያ መቼ ይማራል?

እማዬ "ዲግሪ ከሌለው አልሰማም" ትላለች። ስለ ኢትዮ ጃዙ ሙዚቀኛ ስለ ሙላቱ አስታጥቄ ነገርኳት። እሱም ብሪታንያ የተላከው ኢንጂነሪንግ እንዲማር ነበር፤ ሙዚቃው አሸነፈውና ለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ፣ ከዚያም ቦስተን በርክሊ ገባ። "እሱ ሙላቱ ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔን ይበልጥ ያጽናናኝ የፒያኖ ተጫዋቹ የግርማ ይፍራሸዋ መንገድ ነው። ልጅ ሆኖ ክራር ነበር የሚጫወተው። ፒያኖ የጀመረው በ16 ዓመቱ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቶ ነው፤ ከዚያ ቡልጋሪያ ሄዶ ሶፊያ ተማረ። ዛሬ የአገራችንን ዜማ ለፒያኖ ይጽፋል። እኔ 22 ዓመቴ ነው። ዘግይቻለሁ፤ ግን በጣም አይደለም።

ያሬድን ላስቀድም ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ስለሆነ ለእማዬም ዲግሪ አለው። ለኔ ግን ትልቁ ነገር ፒያኖው ከክራር፣ ከማሲንቆ፣ ከዋሽንትና ከበገና ጋር በአንድ ግቢ መኖሩ ነው። ባቲና አንቺሆዬ የሚባሉትን ቅኝቶች በጆሮዬ ብቻ ሳይሆን በወረቀት ላይም ላያቸው እፈልጋለሁ። ካልተቀበሉኝ ወደ ቅዳሜው መምህር እመለሳለሁ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ማታ ያስተምራሉ።

ዛሬ ማታ ኪቦርዴን አወጣሁና ትራንስፖዟ ላይ ፕላስተር ለጠፍኩባት። የእሁዱ የመጀመሪያ መዝሙር ከኤ ፍላት ነው። እስካሁን አሥራ አራት ጊዜ ተጫውቼዋለሁ፤ ግራ እጄ አሁንም ሁለተኛው መስመር ላይ ይደናቀፋል።