የበሩ ጉልበት ከመቃኑ ነው

ቤቴ በተሰበረበት ዕለት ቁልፉ ላይ አንድም ጭረት አልነበረም። ውድ ቁልፍ ማስገጠሜን እንደ ዋና መከላከያ ቆጥሬው ስለነበር፣ መጀመሪያ የጠረጠርኩት የተቀረጸ ተመሳሳይ ቁልፍ በሌላ ሰው እጅ ሳይገባ እንዳልቀረ ነው። ነገሩ ግን ከዚያ ይልቅ ቀላል ሆኖ ተገኘ፤ የቁልፉ ምላስ የሚገባበት ቀጭን ብረት ከመቃኑ ተገንጥሎ ወለሉ ላይ ወድቋል፤ ይዘውት የነበሩት ሁለት ብሎኖችም ርዝመታቸው ከ2 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። በር በእርግጫ ሲመታ አብዛኛው ኃይል የሚያርፈው በዚህች ብረትና ከጀርባዋ ባለው እንጨት ላይ ነው፤ አጫጭር ብሎኖች የሚይዙት የመቃኑን ስስ እንጨት ብቻ ሲሆን፣ ከ7 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙት ግን መቃኑን አልፈው ከግድግዳው ጠንካራ አካል ጋር ያያይዙታል።

ወደ ውጭ የሚከፈት በር ሌላ ጣጣ አለው፤ ማጠፊያው በውጭ በኩል ስለሚሆን፣ መሐሉን የሚያያይዘው ዘንግ ተመዝዞ የማይወጣ ዓይነት ካልሆነ ቁልፉን ሳይነኩ በሩን ከማጠፊያው በኩል ማላቀቅ ይቻላል።

ካሜራን አልቃወምም፤ ነገር ግን ካሜራ ሌባውን ይቀርጻል እንጂ በሩን አይዝም። መለዋወጫ ቁልፍን ከአበባ ማሰሮ ሥር ማስቀመጥም ያው ክፍት ትቶ እንደመሄድ ነው፤ እኔ የእኔን አሁን ለጎረቤቴ ሰጥቻለሁ።