ከትምህርት ቤት በር ላይ ሺሻ ቤት ያስነሳንበት መንገድ

አዲስ አበባ ውስጥ በልጄ ትምህርት ቤት የወላጅ ኮሚቴ አባል ነኝ። ኮሚቴው ስገባ ትልቁ ጭንቀታችን ከግቢው ውጭ ያለው ነገር ነበር። በምሳ ሰዓት ተማሪዎች የዩኒፎርም ሹራባቸውን ገልብጠው ለብሰው ይወጣሉ። በሩ አጠገብ ያለው ሱቅ ሲጋራ በነጠላ ይሸጥላቸዋል። ላይተሩ በገመድ ታስሮ መስኮቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ከሱቁ ጀርባ ደግሞ ሺሻ ቤት አለ።

ብዙው ወላጅ «ፖሊስ መጥቶ ይጥረግልን» ባይ ነበር። ፖሊስም መጣ፤ ዕቃውን ጭኖ ሄደ። ቤቱ ብዙም ሳይቆይ በጓሮ በር ሥራውን ቀጠለ። ያኔ ነው ሕጉን ቁጭ ብለን ያነበብነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ጥርስ ያለው ሕግ ነው። የቢራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ የጠፋው በእሱ ነው። ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ሲጋራም አልኮልም መሸጥ አይቻልም። የሺሻ ንግድም ክልክል ነው። ጫት ግን በአገር ደረጃ አልተከለከለም። ስለዚህ አቤቱታችን ውስጥ ጫትን አላስገባንም። ሕግ የሌለውን ነገር ስትጨምር፣ ሕግ ያለውም አብሮ ይወድቅብሃል።

አቤቱታው አንድ ገጽ ነበር፦ ቦታው የት እንደሆነ፣ ምን ሕግ እንደተጣሰ፣ ማን ምን እንዲያደርግ እንደምንጠይቅ። ለወረዳው ጽፈን ለንግድ ጽሕፈት ቤት፣ ለምግብና መድኃኒት ቁጥጥርና ለፖሊስ ግልባጭ አደረግን። ግልባጭን ማንም አይናቀው። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲገፋን «ደብዳቤው እኮ እናንተም ጋ አለ» አልን። ያስገባነውም ሐምሌ ላይ የንግድ ፈቃድ እድሳት ሊጀመር ሲል ነው። ሺሻ ቤቱ ፈቃድ ያወጣው በምግብ ቤት ስም ነበር። ከፖሊስ አፈሳ ይልቅ የፈቃዱ አለመታደስ አስነሳው።

ባለሱቆቹን ግን ራሳችን አነጋገርናቸው። «እኔ ብተው ማዶ ያለው ይሸጥላቸዋል» አሉን አንዱ አባት። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ቀን ዞርን፤ ማዶ ያለውም አብሮ ቃል ገባ። ላይተሩ ከመስኮቱ ወረደ።

ከስብሰባ በኋላ አንዲት እናት ጠጋ ብለው «ልጄን ልታባርሩብኝ ነው?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ሥራችንን ለወጠው። የሚያባርር ትምህርት ቤት ካለ ማንም ወላጅ ልጁን ለእርዳታ አያቀርብም። ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተነጋግረን፣ እርዳታ የጠየቀ ተማሪ እንዳይባረር ተስማማን። የጠና ሱስ ሲሆን ወደ አማኑኤል ሆስፒታል እንጠቁማለን። ብዙ የሚጠጣን ሰው ደግሞ ቤት ቆልፎ በአንድ ጊዜ ማስቆም የሚጥል ሕመም ሊያስከትልና ሕይወቱን ሊያሳጣው ስለሚችል፣ መጀመሪያ ሐኪም ጋ እንዲወስዱት ለወላጆች አጥብቀን እንነግራለን።

አሁን ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ያስገባነው ጥያቄ በጤና ጣቢያችን የሱስ ምክር የሚሰጥ ባለሙያ እንዲመደብ ነው። ግልባጩ ለክፍለ ከተማው ደርሷል።